የሁለት ሰዓት ደወል

ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ ሳሪስ በሚሄደው አውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከነጠላዋ እስከ ጫማዋ ጥቁር ለብሳለች። ጉልበቷ ላይ ደብተር ዘርግታ በእርሳስ የኮምፒውተር ኮድ ትጽፋለች፤ በግራ ገጽ ጃቫ የሚባለውን የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ፣ በቀኝ ገጽ ኮትሊን የሚባለውን አዲሱን ቋንቋ።

«ለፈተና ነው?» አልኳት።

«ለሥራ። አራት ዓመት እናቴን ሳስታምም የማውቀው ጃቫ አረጀብኝ። አሁን የስልክ አፕ የሚሠራው ሁሉ ወደዚህ ዞሯል። ድሮ ለእሷ የሠራሁትን የመድኃኒት ሰዓት አስታዋሽ አፕ በአዲሱ ጽፌ ለቀጣሪዎች ላሳይ ብዬ ነው።»

ቃሊቲ ስንደርስ፣ ልክ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። «እማዬ፣ መድኃኒትሽን» ይላል ጽሑፉ። ጮኾ እስኪያበቃ ድረስ አላጠፋችውም።

«የአፑን ሌላ ኮድ ሁሉ ወደ አዲሱ ቀየርኩት» አለችኝ ወደ መስኮቱ ዞራ፤ «ይቺን የእማዬን መስመር ግን ለመቀየር እጄ እንቢ አለኝ።»