የቄስ ዮሐንስ ሞክሼ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ካለ ክሊኒክ ተራዬን ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ ሕመማቸውን እንደ ማዕረግ ይዘረዝሩ ጀመር። ሳቄ አመለጠኝ። ይቅርታ ብጠይቅም ልቤ ወደ ወጣትነቴ፣ ወደ አንድ ጥቅምት ሄደ።

በንጉሡ ዘመን ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት እንዳስተምር ጎንደር ተልኬ ነበር፤ ሰው ቀና ብዬ የማላይ ዓይናፋር ልጃገረድ። ለወላጆች ቀን ከአንድ የጥንት ፈረንሳዊ የቀልድ ተውኔት ጸሐፊ አጭር ጨዋታ ተረጎምኩ፤ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ታመምኩ እያለ ቤተሰቡን ስለሚያስጨንቅ ሰው። ገረዲቱን የምትሆነው ተማሪዬ ስንዱ ነበረች። ሁለት ቀን ሲቀረን አባቷ ቄስ ዮሐንስ ከለከሏት። ቃሉን ያጠና ሌላ ሰው ስለሌለ ያለ እሷ ነገሩ መቅረቱ ነው።

ሳልወድ በወለቃ መንገድ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። የክረምቱ ጭቃ ደርቆ፣ ባቄላው አሽቶ ነበር። ባለቤታቸው እሸት በሰፌድ አቀረቡልኝ። አቀርቅሬ እየፈለፈልኩ ማውራት ቀለለኝ።

«ልጄን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?» አሉ ቄሱ። «ለመሆኑ ጸሐፊው ማነው?»

ሌላ መከራከሪያ ስላልነበረኝ ሕይወቱን ነገርኳቸው። አባቱ የንጉሥ ቤት መጋረጃና ምንጣፍ አሰናጅ ነበሩ። እሱ ግን ያን ሹመት ትቶ ከተጫዋቾች ጋር አገር ላገር ዞረ፤ በኋላም ንጉሡን ራሳቸውን አሳቀ። በመጨረሻ ያንኑ ሐሰተኛ በሽተኛ ሆኖ ሲጫወት የእውነት ታሞ ይስል ነበር። ሕዝቡ ጨዋታ መስሎት ሳቀ። እሱ ከመድረክ ወርዶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

«ቄስ መጣለት?»

«ተጫዋች ነው ብለው እምቢ አሉ። የተቀበረው ንጉሡ ገብተውበት ነው፤ ያውም ያለ ሥርዓት።»

«ያለ ፍትሐት! የክርስትና ስሙስ?»

«በእኛ አጠራር ዮሐንስ» አልኩ፣ ባቄላዬን እያየሁ።

ብድግ አሉ። «ሞክሼዬን? ሞክሼዬን ያለ ፍትሐት ጣሉት?»

«ካቶሊክ ነው እኮ፣ አባ» አልኩ፤ መደበቅ አልሆነልኝም።

«ምነው፣ እርስዎ አይፈቱትም?» ብለው ባለቤታቸው ሳቁ።

ቄሱ ተመልሰው ተቀመጡ። «እሱን ለእግዜር እንተወው። ልጅቱ ግን ትጫወት። ሞክሼዬን ሁለቴ አንበድለውም።»

በዕለቱ ከፊት ተቀምጠው ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። በሽተኛው ሲስል ግን፣ አዳራሹ ሁሉ ሲያስካካ፣ እሳቸው ብቻ አማተቡ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ጸሐፊ ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ማን እንደወደደው፣ ማን እንዳሳደደው፣ ሁሉም ተጽፏል። ጎንደር ላይ አንድ ዘመድ እንደነበረው የጻፈ ግን እስካሁን አላገኘሁም።