ያመለጠኝ ለቅሶ

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ቆሜያለሁ። ንግግር ብዙም አልችልም፤ መሀል ላይ ዝም ካልኩ ታገሡኝ። ስሙ ይባረክ።

ታላቅ ወንድሜን ታምሩን አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከነገሌ ሞያሌ በሚመላለስ አይሱዙ ላይ ረዳት ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሩቅ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ስገባም ሳጥኔን ተሸክሞ እስከ አልጋዬ አድርሶኛል።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኜ፣ የአጋማሽ ፈተና ሲቃረብ የታምሩ ስልክ አልሠራ አለ። እናቴን ስጠይቃት ሞያሌ ነው፣ ኔትወርክ የለም አለችኝ። አጎቴም ያንኑ ነገረኝ። አምኜ ተፈተንኩ።

ለዕረፍት ነገሌ ስገባ ከባጃጅ ወረድኩ። ሁልጊዜ "አካም" ብለው ሰላም የሚሉኝ ጎረቤታችን አይተውኝ ፊታቸውን አዞሩ። እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ ጠጉሯን ተቆርጣ በር ላይ ቆማለች። መኪናው ተገልብጦ ታምሩ ከተቀበረ ቆይቷል። ድንኳኑ ፈርሷል፤ ለቀስተኛውም ሄዷል።

"ፈተናህን እንዳትወድቅ ብዬ ነው፣ ልጄ" አለች።

አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ክፋት አልነበረባትም። እኔ ግን እንባ እንኳ አልወጣኝም። ሳላናግራት ተመለስኩ።

ትምህርት ቤት ክፉ ሆንኩ። እደባደባለሁ፣ ክፍል አልገባም፣ አልበላም። ራሴን ሲያመኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ መርምሮ ምንም አላገኘም፤ ቤተሰብህ ደህና ነው ወይ አለኝ። ደህና ናቸው አልኩት። ወገኖቼ፣ መኖር ሰልችቶኝ ነበር። በተኛሁበት በቀረሁ እል ነበር።

ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው ገልገሎ የያቤሎ ልጅ ነው፤ ጌታን ያውቃል። አንድ ቅዳሜ እናትህ ስትደውል ለምን አታነሳም ሲለኝ፣ ወንድሜን ሳላለቅስለት ቀበሩት አልኩት። ፍራሹን ከአልጋው ጎትቶ ወለል ላይ አነጠፈ።

"ሐዘንተኛ አልጋ ላይ አይቀመጥም። ውረድ።"

"ለቅሶው አልፏል" አልኩት።

"የነሱ አልፏል። ያንተ ገና ነው።"

ሌሎቹን የመኝታ ክፍላችንን ልጆችም ጠራ። ሙስሊሙ ሳቢር ሳይቀር መጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ንፍሮ ስለሌለ የካፌ ዳቦ ቆርሰው አቀረቡ። ወንድምህ እንዴት ያለ ሰው ነበር አሉኝ። ሾፌሩ እንዳይተኛ መንገዱን ሙሉ ይዘፍን ነበር፣ ድምፁ ግን አህያ ያስበረግጋል አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄም መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ።

ገልገሎ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ጸለየ። "ጌታ ሆይ፣ አንተም ወዳጅህ ሞቶብህ አልቅሰሃል። እዚህ ከእኛ ጋር ተቀመጥ" አለ። ሌላ አልጨመረም። ጌታም ተቀመጠ። ስሙ ይባረክ! እኔ የማውቀው እግዚአብሔር ከላይ ሆኖ የሚፈርደውን ነበር፤ ወለል ላይ ወርዶ ከሐዘንተኛ ጋር የሚቀመጠውን ያን ቀን አገኘሁት። ልቤን እዚያው ሰጠሁት።

በማግስቱ እናቴ ስትደውል አነሳሁ። "እማዬ፣ ቀብሩ እንዴት ነበር? ሁሉንም ንገሪኝ" አልኳት። እሷም ብቻዋን ይዛው ኖራለች፤ ነገረችኝ፣ አብረን አለቀስን።

ወገኖቼ፣ ሐዘኔ አላለቀም። አይሱዙ ሲያልፍ ዛሬም ዞር ብዬ አያለሁ። ይደክመኛል። ግን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት መንቃቴን አልጠላውም። ለዚህ ጌታን አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ ሳያለቅስ የቀረ ሰው ካለ ጌታን ይመነው፣ አይፈርድበትም። ለእኛም ይንገር። ፍራሽ አንጥፈን አብረነው እንቀመጣለን።