ሰባተኛው በር

እፀገነት ጌጡ በመንዝ ሞላሌ ከወፍጮ ቤቱ ጎን በተከራየቻት አንዲት ክፍል ጌም ቤት ከከፈተች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ጊዜው የሁለት ሺሕ ዓመት በዓል በተከበረ ማግስት ነው። በትልልቆቹ ከተሞች ጌም ቤቶች ሁሉ ኳስ ወደሚያጫውቱ አዳዲስ ማሽኖች ሲዞሩ፣ እርሷ ሥዕሉ በትልልቅ አራት ማዕዘን ነጠብጣቦች የተሠራ፣ በካሴት የሚሠራ አሮጌ ማሽኗን ይዛ ቀረች። ካሴቷም አንዲት ናት፤ በውስጧ ሰይፍ የታጠቀ አንድ ሰው ሰባት በሮችን ለማለፍ ይታገላል። እፀገነት ከዚህች ክፍል በቀር ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም።

አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አቶ ኃይለ ኢየሱስ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ገቡ። በልጅነቷ ሒሳብ ያስተማሯት እርሳቸው ናቸው።

«እፀገነት፣ ይህ ቤት እንዲዘጋ ለቀበሌው የጻፍኩት ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነው። ሰኞ ጠዋት አስገባዋለሁ።»

«ምን አጠፋሁ መምህር? በትምህርት ሰዓት ተማሪ አላስገባም።»

«አጣርቻለሁ፤ አታስገቢም። የምከስሽ በሌላ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ጨዋታ የጨረሰ አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

መልሱን ራሳቸው ሰጡት።

«የለም። መጨረሻ የሌለው ነገር ወጥመድ እንጂ ጨዋታ አይባልም።»

«መጨረሻ አለው።»

«አይተሽዋል?»

መዋሸት አልለመደባትም። «አላየሁትም» አለች። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይምጡ፤ አብረን እናየዋለን።»

እሑድን የመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ወፍጮው በተነሣ ቁጥር መብራቱ ይደክማል፣ ማሽኑም ይጠፋል፤ የጠፋ ጨዋታ ደግሞ ከመጀመሪያው በር ይጀመራል። እሑድ ወፍጮው ያርፋል።

ጨዋታው ሳይጨረስ የቀረበትን ምክንያት ከእርሷ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ከቴሌቪዥኑ በላይ በሰቀለችው ካርቶን ላይ ማሽኑ በእንግሊዝኛ የሚያሳያቸውን ቃላት በአማርኛ ጽፋቸዋለች፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ። ቀላልን የመረጠ በአራተኛው በር ተመስግኖ ይሸኛል፤ መካከለኛን የመረጠ ስድስተኛው ላይ ይቆማል። ሰባተኛው በር የሚከፈተው ከባድን ለመረጠ ብቻ ነው፤ በዚያም ጠላት ሁሉ በእጥፍ ይመታል። የመንዝ ጎረምሳ ግን ሰው እያየው «ቀላል» የሚለውን መንካት እንደ ነውር ስለሚቆጥረው፣ በመጀመሪያ ቀኑ ከባድ ላይ ይገባና መጀመሪያው ድልድይ ላይ ይወድቃል። ፊደል ሳይቆጥር ዳዊት የደገመ የለም፤ ከቀላል ተነሥታ በቅደም ተከተል ወደ ከባድ የወጣች እፀገነት ብቻ ነበረች፤ እርሷም ብትሆን ሰባተኛውን በር ገና አላለፈችም።

እሑድ አቶ ኃይለ ኢየሱስ ከነሰዓታቸውና ከነማስታወሻቸው መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከእርሳቸው ጎን ለገበያ ከቆላ ወጥቶ ያደረው ጨርቅ ነጋዴ ጀላሉ ነበር፤ በመጣ ቁጥር ሳይጫወት አይመለስም። ርዕሰ መምህሩ ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አነበቡ።

«ይህ ‹ቀጥል› የሚለው ምንድን ነው?»

«ሰውየው ሲሞት ማሽኑ ከዐሥር ወደ ታች እየቆጠረ ‹ትቀጥያለሽ ወይ› ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካልኩት ከሞተበት በር መግቢያ ላይ ያስነሣልኛል። ሦስት ጊዜ ይፈቀዳል።»

«ሦስት ጊዜ የወደቀን አሳልፌ አላውቅም። ያለ እርሱ ተጫወቺ።»

«ለወደቀ ተማሪ ድጋሚ ፈተና ይሰጡ የለም እንዴ?»

«አንድ ጊዜ።»

«እንግዲያው ለእኔም አንድ ጊዜ።»

ጀላሉ ጭኑን መታ። «በገዛ ሚዛናቸው መዘነቻቸው!»

አቶ ኃይለ ኢየሱስ «አንድ ጊዜ» ብለው በማስታወሻቸው ላይ ጻፉ።

እፀገነት የመጫወቻ እጀታውን፣ ጆይስቲኩን፣ አንሥታ ከባድን መረጠች። ድልድዩን እንደ ቤቷ ደጃፍ ተሻገረችው። በየበሩ መግቢያ አንድ አንጥረኛ ተቀምጧል፤ ከወደቁ ጠላቶች የተለቀመውን ቀይ ዶቃ እየተቀበለ ሰይፍ ያስረዝማል፣ ጋሻ ያጠነክራል፣ በአየር ላይ ዳግመኛ የሚያዘልል ጫማ ይሸጣል። እርሷ አስቀድማ ጫማውን ገዛች።

«ሰይፉስ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ያልደረሰ ሰይፍ አይቆርጥም መምህር። መጀመሪያ እግር ይቅደም።»

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው በር ተከፈቱ። በአምስተኛው አንዴ ብቻ ተመታች። ወደ ስድስተኛው ስትደርስ ጋሻውን ለማጠንከር የሚበቃ ዶቃ በእጇ ነበር። አንጥረኛው ፊት ቆመች፤ ነገር ግን ሳትገዛ አለፈችው።

ያሳለፋት ከአባቷ የወረሰችው ልማድ ነበር። አቶ ጌጡ ከበግ ፀጉር ዝተት የሚሠሩ ገብስ አራሽ ናቸው፤ በሕይወታቸው ሁለት ጊዜ በልጉ ቀርቶባቸዋል፣ አንድ ጊዜ ውርጭ እሸቱን አቃጥሎባቸዋል። የተረፉት ሳይነካ በቆየው የጎታ እህል ነው። «የባሰ ቀን ከፊት አለ» የሚለውን ቃል እፀገነት ከጡት ጋር ነው የጠባችው፤ አሁንም ለሰባተኛው በር ልቆጥብ አለች።

በስድስተኛው በር ባለ ሁለት ጦሩ ጠባቂ ሦስቴ መታት። ሰውየው ወደቀ። በቴሌቪዥኑ ጥግ ይታይ የነበረው የዶቃ ቁጥር ወደ ዜሮ ወረደ።

«ምን ሆነ?» አሉ አቶ ኃይለ ኢየሱስ።

«የሞተ ሰው የገዛው ይቀርለታል፤ ያስቀመጠው ይጠፋል» አላቸው ጀላሉ። «እናንተ መንዞች እኮ ሞታችሁም ጎታ ትሞላላችሁ! እኔ ይህን ስነግራት ዓመቴ!»

«ትነግረኛለህ እንጂ አንተ ሦስተኛውን በር መቼ አለፍክ?» አለችው ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። ማሽኑ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት እያለ ይቆጥር ነበር። ይህንኑ ስሕተት ሌላው እንዳይሠራ ስታስተምር እንደኖረች፣ በክፉ ቀን ግን እጇ የአባቷ እጅ ሆኖ እንደተገኘ አወቀች። አራት ሲል «ቀጥል» የሚለውን ነካች።

በስድስተኛው በር መግቢያ ላይ ተነሣች። ጫማው አለ። ሁለት ጠላት ጣለች፣ ሦስተኛውን ጨመረች፤ ከዚያም ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ዞረች።

«ለምን ወደ ኋላ ትመለሻለሽ?»

«ልገዛ።»

የለቀመችውን ሁሉ ለአንጥረኛው አራግፋ ጋሻውን አጠነከረች። ጠባቂው ሦስቴ መታት፤ ጋሻው ቻለው፤ በሩም ተከፈተ። በሰባተኛው በር ፊት ከጠባቂው የለቀመችውን ዶቃ በሙሉ ለሰይፉ ሰጠች። የዶቃው ቁጥር ዜሮ ሆኖ፣ እፀገነት በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎታዋን ባዶ አድርጋ ወደ ባሰው ቀን ገባች።

ብዙ አልቆየም። የረዘመው ሰይፍ ከሩቅ ደረሰ፣ ጫማው ከእሳቱ በላይ አዘለላት። የመጨረሻው ጠባቂ ተንበርክኮ ወደቀ። ባለሰይፉ በተከፈተው በር ሥር ትጥቁን ፈቶ ተቀመጠ፤ ከበላዩም በካርቶኑ ላይ ያልተተረጎመ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ወጣ። እስከዚያ የደረሰ ሰው ስላልነበረ የጻፈችው ቃል አልነበረም።

አቶ ኃይለ ኢየሱስ ሰዓታቸውን አዩ። «አንድ ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ» አሉ። ተነሥተው፣ ቀይ እስክሪብቷቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው፣ በካርቶኑ ግርጌ በተስተካከለ የእጅ ጽሕፈት «መጨረሻ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ደብዳቤውን አውጥተው አራት ቦታ ቀደዱት። «ስሕተት ያለበት ጽሑፍ ፋይል ውስጥ አይቀመጥም።»

እፀገነት አመሰገነቻቸው፤ ማሽኑን ልታጠፋ ስትልም እጃቸውን ወደ ጆይስቲኩ ዘረጉ።

«እስቲ ያንን አቀብዪኝ።»

«ከቀላል ይጀምሩ መምህር።»

ርዕሰ መምህሩ በመነጽራቸው አናት ተመለከቷት። እርሳቸውም የመንዝ ልጅ ናቸው። ከባድን መረጡ፤ ገና ድልድዩ ሳይጋመስ ሰውየው ገደል ገባ። ማሽኑ መቁጠር ጀመረ።

«ልቀጥል?» አሉ።

«ይቀጥሉ» አለች እፀገነት፣ ከአግዳሚው ላይ ማስታወሻቸውን አንሥታ እየገለጠች። «ድጋሚው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ተጽፏል።»