የኮሪደሩ ስፒና

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለልጄ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም ሌላ ሌላውን ሁሉ ስናዘዝ ይቺን ብቻ ምላሴ ሥር ደብቄ ነው የተመለስኩት። ለእናንተ የደፈርኩት ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል።

ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። የተደበቅኩበት ጉድጓድ እሱ ስለሆነ ነው።

አዳማ ውስጥ ከልጄ ከትዕግስትና ከልጇ ከናቲ ጋር ነው የምኖረው። ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ ያን ጊዜ ናቲ ገና ድክ ድክ ይል ነበር። ትዕግስት ደግሞ የውጭ አገር ደንበኞችን በኢንተርኔት እያነጋገረች የምታስተናግድበት ሥራ አግኝታ የሙከራ ጊዜዋ ላይ ነበረች። የምትሠራው ጓሮ ባለው ክፍል ነው። ራውተሩ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ስለሆነ ኔትወርኩ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ጀማልን ጠራች። ጀማል በሰፈራችን ሱቅ ከፍቶ ዲሽም ካሜራም የሚገጥም ባለትዳር ሰው ነበር። በራችን ላይ ቆሞ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ እናቴ» ብሎ ደህንነቴን ሳይጠይቅ አይገባም።

ሦስት ነጫጭ ሣጥኖች አመጣ። ሜሽ ይባላል አለኝ። የድሮውን ራውተር አልነካውም፤ አንዱን ሣጥን በገመድ ከእሱ ጋር አያያዘው፣ ሁለተኛውን ኮሪደር፣ ሦስተኛውን ትዕግስት ክፍል ሰካው። እኔም እንዲገባኝ ብሎ፣ እየተቀባበሉ ነው ኔትወርኩን የሚያደርሱት፣ የመካከለኛው ከጠፋ ለጓሮው ምንም አይደርሰውም አለኝ። በደንብ ነው የነገረኝ። በደንብ ነው የገባኝም።

የኮሪደሩ ሣጥን የተሰካው ናቲ ከሚተኛበት ክፍል ግድግዳ ጀርባ ነበር። ናቲ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አንቀጥቅጦት፣ እጄ ላይ ዓይኑ ተገልብጧል። ያንን ካየሁ ወዲህ የማልፈራው ነገር የለም። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ጨረሩ የሕፃን ጭንቅላት ይነካል አለችኝ። ለትዕግስት ብነግራት ሳቀችብኝ። «እማዬ ደግሞ፣ ለዋይፋዩም ጠበል ልታስመጪለት ነው?» አለች። ሁለተኛ ለመናገር አፈርኩ። ማፈር ብቻም አይደለም፤ ብጨቀጭቃት ልጁን ይዛ ቤት ተከራይታ ትወጣለች ብዬ ፈራሁ።

ስለዚህ ነቀልኩት። ከምሳ በኋላ ናቲ ሲተኛ ጫማዬን አውልቄ ወደ ኮሪደር እወጣለሁ፣ ስፒናውን እነቅላለሁ፤ አረንጓዴዋ መብራት ስትጠፋ ደረቴን ቀለል ይለኛል። የትዕግስትን ኮቴ ስሰማ ወይም ናቲ ሲነሳ መልሼ እሰካለሁ። ድሮም የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ፣ ተመልሶ ሲመጣ ዕቃ እንዳያቃጥል ብዬ ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም እየዞርኩ የምነቅል እኔ ነኝ። ሶኬት ሥር ጎንበስ ብዬ ብታይ ማን ይጠረጥረኛል?

ከጓሮ ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር። «ሃሎ? ሃሎ?» ትላለች፣ ደንበኛው እየተቋረጠባት። ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ለቅሶ። እኔ እየሰማሁ ነቀልኩ። የልጄን እንጀራ የሚቆርጠው የእኔ እጅ መሆኑን አላወቅኩም ነበር ልበል? አውቅ ነበር።

ጀማል ደጋግሞ መጣ። እሱ ሲመጣ ሁሉም ይሠራል፤ እንደሚመጣ ከሰማሁ ቀድሜ እሰካዋለሁና። በመጨረሻ ስልኩ ላይ ሣጥኖቹ መቼ መቼ እንደጠፉ አየና፣ የኮሪደሩ እየጠፋ እየበራ ነው፣ ወይ ዕቃው ችግር አለበት ወይ የሚነቅለው ሰው አለ አለ። ትዕግስት ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ መሃይሟ ምኑን አውቄ? ማርያምን አልነካሁትም» አልኩ።

ስሟን ጠራሁ። በውሸት ስሟን ጠራሁ። ጀማል ሙስሊም ነው፤ ግን መሐላ ለእሱም መሐላ ነው። አንገቱን ደፋ።

«እናት ከማለች በኋላ ምን እላለሁ? ጥፋቱ የዕቃው ነው፤ ዕቃው ደግሞ የኔ ነው» አለ።

ሦስቱንም ሰብስቦ፣ የተቀበለውን ገንዘብ መልሶ ወጣ።

ትዕግስት ሥራውን አጣች። በንዴቷ ላገኘችው ሁሉ ጀማል የተበላሸ ዕቃ እየገጠመ ሰው ያታልላል አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። ሰው ቀስ በቀስ እሱን መጥራት ተወ። ሱቁን ዘግቶ መቂ ወረደ፤ እዚያ ሽንኩርት ከሚያስጭኑ ደላሎች ጋር ይውላል ሲሉ ሰማሁ። እዚሁ የቀረችውን ሚስቱን ገበያ ውስጥ ሳያት እስከ ዛሬ መንገድ እቀይራለሁ።

ሣጥኖቹ ከቤት ከወጡ በኋላ ናቲን እንደገና አንቀጠቀጠው። ሐኪሙ፣ ትኩሳት ሲበረታበት ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል አለን። እውነትም አድጎ ተወው። ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ቀን የነቀልኩት ምንድን ነው?

አሁን ትዕግስት ደግማ እንዲህ ያለ ሥራ አግኝታለች፤ ሜሽም ልታስገባ ነው። ዛሬ ምሳ ላይ «ብቻ እንደ ጀማል ያለ አታላይ አይግጠመን» አለች። የጠቀለልኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሼ ተነሳሁ።

ይህን ስጨርስ ወደ ጓሮ እሄዳለሁ። ጀማልን ጥሪው እላታለሁ፤ ለምን ስትለኝ እነግራታለሁ። ፈርቻለሁ። ናቲን ይዛብኝ ብትወጣስ? ጀማልስ አልመጣም ቢል? የጠራኋት እመቤትስ ምን ትለኝ ይሆን? ግን አልተማርኩም ብዬ አላመካኝም፤ ስፒና ለመንቀልም በሐሰት ለመማልም ትምህርት አያስፈልግም። ለልጅ ልጄ ብዬ ነውም አልልም። የነቀልኩት ለናቲ ነበር፤ የማልኩት ግን ለራሴ ነው።

ጀማል ይቅር ቢለኝ እወዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምነዋለሁ፤ እናት ናት ብሎ እንዳያልፈኝ። ያኔም ያመነኝ እናት ናት ብሎ ነው።