አሥራ አምስት ለአሥራ አምስት

ቆቦ፣ ከሰፈራችን በታች ያለው ወንዝ ከክረምት በቀር ውኃ የለውም። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል አሸዋው ላይ ኳስ እንጫወት ነበር። አንዱ ቡድን አራት ልጅ ነው። በረኛ የለም፤ ጎሉም ሁለት ድንጋይ ነው። ቀድሞ ሁለት ጎል የገባበት ቡድን ይወጣል፤ ዳር ላይ ተራ የሚጠብቀው ይገባል።

ታናሽ ወንድሜ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበር። ከእኩዮቹ ሁሉ ያንስ ስለነበር ትልልቆቹ «ይሄን ልጅ ከኪሱ የጣለው ማነው?» እያሉ ይቀልዱበታል። ነገር ግን ኳስ አሸዋ ላይ አትነጥርም፣ እግር ሥር ነው የምትቀረው። እሱ እዚያ እግር መሐል ገብቶ ይዟት ሲወጣ ቀልዱ ያበቃል። የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ የትምህርት ቤታችን የሕፃናት ቡድን ውስጥ መግባት። የስፖርት መምህራችንም ከፈተና በኋላ ወንዙ ድረስ ወርደው ልጆች እንደሚመርጡ ነግረውን ነበር።

በዚያው ሰሞን ከዋጃ በኩል ብዙ ቤተሰቦች ቤታቸውን ጥለው ወደ ቆቦ መጡ። ልጆቻቸውም ወንዙ ዳር መጥተው ቆሙ። አስገባናቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ ሁለት ጎል ገባባቸው። በሕጉ መሠረት ሊወጡ ሲነሡ ከሰፈራችን ልጆች ታላቁ፣ ቡድን የሚከፋፍለን ልጅ አስቆማቸው።

«የት ልትሄዱ ነው?»

«ገባብን እኮ።»

«እንግዳ ይወጣል እንዴ? እናቶቻችን ቢሰሙ ምን ይሉናል?»

ተራ ይጠብቁ የነበሩት «እኛስ?» አሉ።

«እናንተም ግቡ።»

ማንም እንዳይከፋው ሁሉም ገባ። ድንጋዮቹን አራራቅናቸው፣ በረኛም ተመደበ። አንዱ በረኛ እኔ ሆንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ አምስት ለአሥራ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሆነን መጫወት ጀመርን። አንዱ ልጅ «ይሄ ኳስ ነው የቆቦ ገበያ?» ሲል ሁላችንም ሳቅን።

ከጎሌ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ። ኳሷ አቧራ ውስጥ ናት፤ ወንድሜ ደግሞ ዳር ላይ እጁን አንሥቶ ይጠራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሮጥ ነበር። ቀስ በቀስ ግማሽ መንገድ ሮጦ መመለስ ጀመረ፣ በኋላም መቆም።

ወደ ቤት ስንመለስ «ዛሬ ነካህ?» አልኩት።

«አንዴ። እሱንም በእጄ፤ ወጥታ ስወረውር።»

በዚህ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሕፃናት በትንሽ ሜዳ፣ በጥቂት ሰው ሲጫወቱ ኳስ በብዛት እንደሚነኩ ተማርኩ። የተባለውን በጥንቃቄ ጻፍኩ። ስጽፍ ግን የሚታየኝ ያ ዳር ላይ የተነሣው እጅ ነበር።

ያኔ ከፈተና በኋላ የስፖርት መምህራችን እንዳሉት ወንዙ ድረስ መጡ። ከጎጃም ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው፤ የቆላውን ፀሐይ ስለማይወዱት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ከጎሌ አጠገብ ቆሙ።

«ጎበዝ ነው ያልከኝ ወንድምህ የቱ ነው?»

«ያ ዳር የቆመው ነው፣ ቲቸር።»

ብዙ ጠበቁ። ኳሷ ወደዚያ አልሄደችም።

«ታዲያ ምኑን አይቼ ልውሰደው?»

«አራት ለአራት ሆኖ ቢያዩት ኖሮ...»

«ውድድሩ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ነው፣ ልጄ። እኔ ያወጣሁት አይደለም።»

እግራቸው ረዘም ያለ ሁለት ልጆች መረጡ። አንደኛው ከዋጃ የመጣ ነበር። ልጁ ወደ ወንድሜ እየጠቆመ «እሱስ?» አለ። መምህሩ የጠያቂውን ልጅ ትከሻ መታ መታ አድርገው ሄዱ።

በማግሥቱ ቡድን ለሚከፋፍለን ለታላቁ ልጅ ወንዙ ረጅም መሆኑን፣ ብዙ ትንንሽ ሜዳ ብንሠራ ማንም መውጣት እንደማይኖርበት ነገርኩት። አሸዋውን ወደ ላይም ወደ ታችም አየና ለጎል የሚሆን ድንጋይ መልቀም ጀመረ። እኔ ወንድሜን ልጠራ ወደ ቤት ሮጥኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«ና፣ አራት ለአራት ሆኗል።»

«ቲቸር ይመጣሉ?»

«አይመጡም። መርጠው ጨርሰዋል።»

«እንግዲያ ሂዱ።»

እናቴ ከውስጥ «ተወው፣ አታስጨንቀው» አለችኝ። ብቻዬን ወረድኩ። አንዱ ቡድን አንድ ሰው ጎድሎት ስለነበር በወንድሜ ቦታ እኔ ገባሁ። ኳሷ ቶሎ ቶሎ እግሬ ላይ ትመጣለች፤ እኔም ይዣት ሳልቆይ ቶሎ ቶሎ ለሌላ አቀብላለሁ።