ህንድ አገር ተምሬ ያመጣሁት መብራት

ትላንት ይቺ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ስልኳ አልሞላ ብሏት፣ ከገበያ መልስ ቆቦ ላይ አንድ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ይዛኝ ገባች። ጠጋኙ ጫፉ የጋለ ብረት አንስቶ ቀጭኗን የእርሳስ ሽቦ ነካ ሲያደርጋት፣ ጭሱ ቡልቅ አለ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«እማ፣ አመመሽ እንዴ?» አለች ልጅቱ።

የለም፣ አላመመኝም። የልጅነቴ ሽታ ነው አልኳት። «ልጅነትሽ በእርሳስ ጭስ ነው እንዴ ያለፈ?» ብላ ሳቀችብኝ። ሳቂ! ብቻ ጻፊው። እኔ ገና በልጅነቴ ነው የዳሩኝ። ተሳስቼ የሚሳቅብኝ፣ ተምሬ የሚጨበጨብልኝ ልጅነት አላየሁም። እሱን ያየሁት ህንድ አገር ነው፤ ያኔ ደግሞ አምስት ልጅ ወልጄ ነበር።

እንዲህ ነው የሆነው። ሰፈራችን ከቆቦ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ነው። መብራቱ በአስፓልቱ በኩል ያልፋል እንጂ ወደኛ ዞር ብሎ አያይም። አንድ ቀን በመኪና ሰዎች መጡ፤ የውጭ ድርጅት ናቸው፣ ብዙ አገር የሚሠሩ፣ አሉን። ከግራሩ ሥር ሰበሰቡን። ቋንቋ የምታዞረው ልጅ ተነሥታ፣ «ፊደል ያልቆጠረች እናት ነው የምንፈልግ። ህንድ አገር ስድስት ወር ተቀምጣ የፀሐይ መብራት መሥራት ትማራለች። መጨረሻ ላይ ብቻዋን ሠርታ ካሳየች፣ ዕቃው ለሰፈሩ ቤት ሁሉ ይላካል። ካቃታት ለሌላ ሰፈር ይሄዳል» አለች።

ወንዶቹ ተንጫጩ። «ስንት የተማረ ጎረምሳ እያለ?» አለ አንዱ።

«ጎረምሳውን ብናስተምር ሙያውን ይዞ ዓረብ አገር ይሄድብናል። እናት ግን ትመለሳለች።»

ዓረብ አገር የሄደ ልጅ የሌለው ሰው እዚያ አልነበረም።

እጄን አወጣሁ። እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም። የመጨረሻዋን ልጄን ስወልድ የኩራዙ ጋዝ አልቆ፣ አዋላጇ በዳበሳ ነው የገላገለችኝ፤ እትብቷን በጨለማ ነው የቆረጠችው። ያቺ ልጅ የዚች የጸሐፊዬ እናት ናት። እሱ ነው መሰለኝ እጄን ያነሣው።

ባሌ ቤት ስንገባ አኮረፈ። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ «እኔንስ ማን ያበላኛል?» አለ።

«ማሽላ ጥበቃ ላይ አይደለህ? እሸት ጥበስና ብላ።»

«ሰዉ ምን ይላል? ሚስቱን ላከ፣ ራሱ ቀረ አይልም?»

«ይበላ። ብርሃን ሲገባለት ዝም ይላል።»

«ብርሃኑ ባይገባስ? አንቺ ብትወድቂ ዕቃው ማዶ ላሉት ሰዎች ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ እኔ ገበያ ወጥቼ ሰው ፊት የምቆም መሰለሽ?»

እውነቱን ነበር። እኔም የፈራሁት እሱን ነው። የሰፈራችን ሼኽ ግን ሰምተው መጡና ፋቲሃ አሉ፣ ዱኣ አደረጉልኝ፤ ዱኣ ከወረደ በኋላ ባሌም ምን ይናገር? ቆቦ ድረስ ሸኘኝና አውቶቡሱ ሲነሣ፣ «ይሁና፣ በይ አትውደቂ» አለኝ። ደህና ግቢ እንኳ አላለም። አትውደቂ ነው ያለኝ።

አውሮፕላኑን ተይው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሄድኩ። ስገልጠው ህንድ አገር ነበርኩ። ሙቀቱ የኛው ቆላ ነው፣ አቧራውም የኛው ነው፤ ሰዉ ብቻ ሌላ ነው። ያለንበት ሰፊ ግቢ ከየአገሩ የመጡ ሴቶች የሞሉበት ነበር፣ አንዷ የአንዷን ቋንቋ የማትሰማ። ሁላችንም በየቀሚሳችን፣ በየሻሻችን። ምሳ ላይ ሁልጊዜ ሩዝ። ማታ ማታ ሁሉም በየቋንቋው ለየልጁ ያለቅስ ነበር፤ ለቅሶው ግን ቋንቋው አንድ ነው።

ከጎኔ የምትተኛው ሴት ዘለግ ያለች፣ ከእኔ የጠቆረች ነበረች። አገሯ አፍሪካ ነው፣ በረሃ፣ ወደ ፀሐይ መግቢያ በኩል፤ ስሙን ብዙ ጊዜ ነግራኝ ምላሴ አልይዝ አለ። ሁለታችን የምንግባባው በ«አሰላሙ ዐለይኩም» እና በ«አልሐምዱሊላህ» ብቻ ነበር። ከፋንም ደስም አለን አልሐምዱሊላህ ነው። እሷ ስትለው ከድምፁ ቁርጠቷን ከደስታዋ ለይቼ አውቅ ነበር። በነዚያ ቃላት ስድስት ወር ኖርን ብልሽ ታምኛለሽ?

አስተማሪያችን ጺሙ የሸበተ ቀጭን ሰው ነው። እሱም የኛን አይሰማ፣ እኛም የሱን አንሰማ። በቀለም ነበር የሚያስተምረን። ትናንሽ፣ ጤፍ የሚያክሉ ዕቃዎች አሉ፣ ወገባቸው ላይ ቀለም የተቀባ። ቀዩ እዚህ፣ ጥቁሩ እዚህ፣ ቢጫው እዚያ። እኔ እንዳይጠፋብኝ ለራሴ በገበያ ስም አወጣሁላቸው። ቀዩን በርበሬ፣ ጥቁሩን ኑግ፣ ቢጫውን እርድ። «በርበሬ ከኑግ ጎን፣ እርድ ከሥር» እያልኩ በአፌ እያጉተመተምኩ ስሠራ ሰምቶኝ፣ አንድ ቀን ሰውዬው በጣቱ ቀዩን ነክቶ «በርበሬ?» አይለኝም! ሳቄ አፈነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔንም ስም በርበሬ አለው። «በርበሬ! በርበሬ!» ብሎ ሲጠራኝ እሮጥ ነበር፣ እንደ ልጅ።

ታዲያ ያጠፋሁት ጥፋት አለ። እሱን ሳስበው አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

መጀመሪያ አንድ ሙሉ መብራት በራሳችን እንድንገጥም የሰጠን ቀን ነው። ፀሐይ የሚቀበል ሰፊ መስታወት አለ፣ አምፖሉ አለ፣ ሽቦው አለ፣ ባትሪው የሚባል ከባድ ጥቁር ሣጥን አለ። ሣጥኑን አየሁት፣ ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል? ብዬ ወደ ጎን ገፋሁት። ሽቦውን ከመስታወቱ አንስቼ በቀጥታ አምፖሉ ላይ አሠርኩ። ቦግ አለ! ከሁሉም ቀድሜ! እልል አልኩ፣ ግቢው ሁሉ ዞረ። አስተማሪው ቀስ ብሎ መጣ። ከትከሻው ላይ ፎጣውን አወረደና መስታወቱን ሸፈነው። መብራቱ ድርግም አለ። ከዚያ በጣቱ ሰማዩን አሳየኝ፣ ፀሐይዋን አሳየኝ፣ ጣቱን ወደ ምዕራብ አወረደው። ስትገባስ? ነው ነገሩ። ሴቶቹ ሳቁ።

ምን ላድርግ? እኔ ያወቅሁት የኛን ጎርፍ ነው። እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ ተራራው ላይ ይዘንባል፤ ጎርፉ እያጓራ ሲመጣ ወንዱ ሁሉ አካፋውን ይዞ ይሮጣል። ከወንዙ ጠልፎ በቀጥታ ማሳው ላይ ይለቀዋል። ጎርፍን ማን ያስቀምጣል? አቆመዋለሁ ያለውን ሰው ክትሩን ይዞበት ነው የሚሄደው። ብርሃኑንም እንደዚያው መስሎኝ ነበር፤ ሲመጣ የምትለቂው።

የዚያን ዕለት ምሳ ላይ አልቀረብኩም። ባሌ ያለኝ ቃል ጆሮዬ ላይ ነው። ያቺ ከጎኔ የምትተኛው ጓደኛዬ ምሳውን ይዛልኝ መጣች፣ እምቢ አልኳት። እጄን ይዛ ጎትታ ቧንቧው ጋ ወሰደችኝ። ባልዲውን አስቀምጣ ውሃውን ከፈተችው፤ ሞላ። ዘጋችው። ከዚያ ቧንቧውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና፣ የለም፣ ደርቋል፣ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ከባልዲው በጭልፋ ቀድታ ግን አጠጣችኝ። ሄዳ ያን ጥቁር ሣጥን ተሸክማ አመጣችና ከባልዲው ጎን ቁጭ አደረገችው።

ገባኝ! በነቢ! እነሱ አገር ጎርፍ የለም፣ ውሃ በእንስራ ነው የሚኖረው። ሣጥኑ እንስራ ነው። ቀን ይሞላል፣ ማታ ይቀዳል። «አልሐምዱሊላህ» አልኳት፤ «አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። ሩዙን አብረን ጨረስነው።

ባሌ በመሀል አንዴ ደወለ። ስልክ ተውሶ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ነው፤ ንፋሱ ከድምፁ በላይ ይሰማል።

«ወፉ ማሽላውን ፈጀው» አለኝ መጀመሪያ።

«ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው። ሰዉ ግን ህንድ አግብታለች፣ አትመጣም እያለ ነው።»

«አንተስ ምን አልክ?»

ንፋሱ አፏጨ። ከዚያ፣ «ህንዱ ያሳዝናል አልኳቸው» አለ። ስድስቱን ወር ሙሉ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። እያንዳንዳችን ለብቻችን ጠረጴዛ፣ ዕቃው ተበታትኖ። ከድርጅቱ የመጡ እንግዶች ከኋላ ቆመዋል። ብረቱን አጋልኩ፣ እርሳሱን ነካሁ፣ ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በርበሬ ከኑግ ጎን፣ እርድ ከሥር። እንስራውን አልረሳሁም፤ ከሁሉ በፊት እሱን ነው ያሠርኩት። ጨረስኩና ማብሪያውን ተጫንኩት።

ጨለማ።

እንደገና ተጫንኩት። ምንም። ከጎኔ የሌሎቹ ቦግ ቦግ ይላል። ሰፈሬ በሙሉ ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ፣ ባሌ፣ ሼኹ፣ ያ «ስንት የተማረ ጎረምሳ እያለ?» ያለው ሰው፣ ልጆቼ። አስተማሪው አየኝ፣ መርዳት ክልክል ነው፤ እጆቹን ከጀርባው አቆላለፈ።

ከዚያ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ዓይኔን ተውኩትና በጣቴ ገባሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆቼን ራስ ጭኔ ላይ አስተኝቼ ጸጉር እየለየሁ ቅማል እንደምፈልገው፣ ሽቦውን አንድ በአንድ እየለየሁ ዳበስኩት። ይሄ ጠንካራ ነው። ይሄም ጠንካራ። ይሄም። አንዷ ግን ከጣቴ ሥር ተነቃነቀች። እርሳሱ አልያዛትም ነበር። ብረቱን መልሼ አጋልኩ፣ ጠብ አደረግሁባት፣ እፍ አልኳት፣ እስክትደርቅ ትንፋሼን ያዝኩ።

ተጫንኩት። በራ!

አስተማሪው ያንኑ ፎጣ አምጥቶ መስታወቱን ሸፈነው። መብራቱ ንቅንቅ አላለም። ሰውዬው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ «በርበሬ!» ብሎ ጮኸ። እልል አልኩ። ጓደኛዬ በሷ አገር ዓይነት እልል አለች፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ በየቋንቋው እልልታ ሆነ። እንዲያ ያለ ሰርግ የኔ ሰርግ እንኳ አልነበረም።

ከጓደኛዬ የተለያየነው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። እሷ በዚያ በር፣ እኔ በዚህ በር። አንገት ለአንገት ተያያዝን። የምንለው ነገር ብዙ ነበር፣ ያለን ቃል ግን ያው ነው። አልሐምዱሊላህ አለችኝ። ያን ጊዜ ብቻ የደስታ ይሁን የኀዘን መለየት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፣ ድምጿንም አልሰማሁ።

ዕቃው በጭነት መኪና መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ «ማን ነው ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚገጥመው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሴት ጣሪያ ላይ ወጥታ አታውቅም እኛ አገር። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። አንዱ ጎረምሳ ከታች ሆኖ፣ «ኧረ እታለም፣ ውረጂ፣ ያዞርሻል! ቀሚስሽስ?» ብሎ አሾፈ። ባሌ መሰላሉን ይዞ ነበር። በሁለት እጁ፣ አጥብቆ። ዞር እንኳ ሳይል፣ «ዝም በል አንተ። ሥራ ላይ ናት» አለው።

ሰማሁት። ከላይ ሆኜ የሰፈሩን ሁሉ ጣሪያ አየሁ፣ ማሽላውን አየሁ፣ ደረቁን ወንዝ አየሁ። ዓለም ከፍ ሲሉ ሰፊ ነው። እንዲያ እያልኩ ከጣሪያ ጣሪያ ስወጣ ስወርድ ከረምኩ፤ ከመሰላሉ ሥር ሁልጊዜም እሱ ነበር።

አሁንማ የመንግሥት መብራት ገብቷል፣ ይሄድብናል ይመጣል። የኔዎቹ መስታወቶች ገሚሱ ተሰብሯል። ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ የሚጠራኝ መሐንዲሷ ብሎ ነው፤ ይቺ ልጅ ምስክሬ ናት።

ያኔ ስገጥም የራሴን ቤት የመጨረሻ ነው ያደረግሁት። ፀሐይ እንደገባች ማብሪያውን ተጫንኩ፤ ቤቱ በራ። ልጆቹ ግድግዳው ላይ የእጃቸውን ጥላ እያዩ ይጮሃሉ። እኔ ያየሁት ጥላሸቱን ነው፤ ለካ ቤቴ እንዲያ ጠቁሯል! በማግስቱ እኔም መብራት እንደገባላቸው ሴቶች ሁሉ አፈር አምጥቼ ግድግዳውን ስለስን ዋልኩ፣ አፍሬ።

ባሌ ግን ግድግዳውን አላየም። ቁጭ ብሎ እኔን ያያል። ቀን እሱ ማሳ ነው፣ እኔ ውሃ ነኝ፣ እንጨት ነኝ፤ ደግሞም በኛ ጊዜ ባል ሚስቱን በቀን ሰው ፊት አያስተውልም። ማታ ጨለማ ነው። ስንት ዘመን አብረን ኖርን።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ጣቱን ዘርግቶ ቅንድቤን ነካ።

«ጠባሳ ነዋ። ሕፃን ሆኜ ፍየል የወጋችኝ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ስታገባኝም ነበረ።»

ቀና ብሎ አምፖሉን አየው፣ መልሶ እኔን አየ። አላህ ይማረው፣ ሞቷል። ከዚያ ማታ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ግን፣ አንድ ቀን እንኳ መብራቱን አጥፊው ብሎኝ አያውቅም።