የባጃጅ ቀለም የቀመሰ አውሮፕላን

ሮቤ ውስጥ ቀለም የፈለገ ሁሉ ዘውገ ጋ ይመጣል። ባጃጅ ይቀባል፣ የጋሪ ጎን ያስጌጣል፣ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋል። ስለ ችሎታው ሲጠየቅ ግን «ፊደሎቼ ሁልጊዜ ወደ ቁልቁለት ይሄዳሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ የታሰበበት ይመስላል» ነው መልሱ። አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ እምቢ ማለት ግን ገና አልተማረም። የማያውቀውን ሥራ ሲያመጡለት አፉ ከጭንቅላቱ ቀድሞ «ቀላል ነው» ይላል።

ኦቦ ጅሩ ከጎባ የመጡ ዕለትም አፉ ቀደመ። ሽማግሌው በጉልምስናቸው ደብረ ዘይት የአየር ኃይል መካኒክ ነበሩ፤ ኤፍ-አምስት የሚባለውን ተዋጊ ጀት ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። አሁን አንድ የድሮ ባልደረባቸው የዚያን አውሮፕላን ትንሽ የፕላስቲክ ሞዴል፣ ገና ያልተገጣጠመ፣ በካርቶን ልኮላቸዋል።

«እጄ ይንቀጠቀጣል» አሉት። «ዓይኔም በየወሩ እየደከመ ነው፤ ሐኪሙ ብዙ ተስፋ አልሰጠኝም። ሳይጨልምብኝ አንድ ጊዜ በእግሩ ቆሞ ልየው።»

«ቀላል ነው፣ ኦቦ ጅሩ። በሳምንት!»

ካርቶኑ ሲከፈት ዘጠና ሁለት ቁራጭ ወጣ። የመመሪያው ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ሥዕል ነው። ዘውገ አንዴ ገለጥ አድርጎ አየውና «ጋሪ ፈትቶ ለሚገጥም ሰው ሥዕል ምን ያደርግለታል?» ብሎ የቀለም ቆርቆሮ አስቀመጠበት። በማግስቱ ወረቀቱ ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ።

የመጀመሪያው ቀን የፓይለቱን መስታወት በሱፐር ግሉ ለጠፈ። የማጣበቂያው ትነት መስታወቱን ከውስጥ አነጣውና ፓይለቱ የሳነቴ አምባ ጉም ውስጥ ገብቶ የቀረ መሰለ። በሁለተኛው ቀን ምስር የምታክል ጎማ ከእጁ አምልጣ ግማሽ ቀን በአራት እግሩ ወለሉን ሲዳስስ ዋለ። አጠገቡ የባጃጅ መለዋወጫ የምትሸጠው ከሚላ በበሩ ብቅ አለች።

«ምነው ዘውገ፣ ስግደት ጀመርክ እንዴ? ቂብላው እኮ በዚያ አይደለም!»

«የአውሮፕላን ጎማ ጠፍቶብኝ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ዋናው አውሮፕላን አልጠፋብህም።»

ያም ሆኖ ጎማዋም ተገኝታ በአምስተኛው ቀን ነገሩ አውሮፕላን መሰለ። ዘውገ ዞሮ ዞሮ አየው፤ ለሰው ባይናገርም ትንሽ ኮራ። የቀረው ቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ የእሱ አገር ነው። አረንጓዴውን እንደ ባጃጅ በር በቲነር አቀጠነና በኮምፕረሰር ነፋበት። ለአሥር ደቂቃ ያህል በሕይወቱ ያማረ ሥራ ሠራ። ከዚያ ቀኝ ክንፉ ፀሐይ እንደነካው ሻማ ቀስ ብሎ ወደ ታች ተንጋደደ።

ቲነር ፕላስቲክ እንደሚበላ ዘውገ አሳምሮ ያውቃል። ባጃጅ ሲቀባ መብራቱን በጋዜጣ የሚሸፍነው ለዚያው ነው። ግን አምስት ቀን ሙሉ አቅፎት ሲውል፣ አውሮፕላኑ ብረት ሆኖ ታይቶት ነበር።

«አየር ላይ ሲታጠፍ ነው ብዬ በክር አዘንብዬ ብሰቅለውስ?» ብሎ ከሚላን አማከራት።

«ሰውየው መካኒክ ናቸው። የደከመው ዓይናቸው ነው፤ ጭንቅላታቸው መቼ ደከመ?»

ሌላ እንዲህ ያለ ካርቶን ከየት ይመጣል? ቢመጣስ የሽማግሌው ዓይን ይጠብቃል? እያሰበ በጎባ ታክሲ ተሳፈረ፤ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አቅፎ። አጠገቡ የተቀመጠች ሽንኩርት የያዘች ሴት አላስችላት አለ።

«ጫጩት ነው?»

«አውሮፕላን ነው።»

«ታዲያ አንተ ለምን በታክሲ ትሄዳለህ?»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ዘውገም ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም።

ኦቦ ጅሩ ድምፁን ሲሰሙ «ኮቱ፣ ግባ!» አሉ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዘውገ መንገድ ላይ ሦስት ዓይነት ሰበብ አዘጋጅቶ ነበር፤ ካርቶኑን ሲያስረክብ ግን ከአፉ የወጣው ሌላ ነው። «አበላሸሁብዎት። ቀላል ነው ያልኩት ሳላውቅ ነው።»

ሽማግሌው አውሮፕላኑን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት። ዘውገ በሩን በዓይኑ ለካው።

«በምን ቀባኸው?»

«በባጃጅ ቀለም።»

«በቲነር?»

«በቲነር።»

«መመሪያውስ?»

«ቆርቆሮ ሥር ተጣብቋል።»

«በእኛ ጊዜ መመሪያ ያበላሸ መካኒክ ወር ሙሉ መጸዳጃ ቤት ያጥብ ነበር» አሉና ቀና አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል፤ ከወንበር ሳይሆን ከሰልፍ ፊት የሚወጣ ድምፅ ሆኗል። «ሙቅ ውሃ አምጣ! የፈላ አይደለም፤ ሙቅ አልኩ! ክንፉን ንከረው። አሁን አውጣ። እጅህን ከሥር፣ አውራ ጣትህን ከላይ። ቀስ! በሬ እየጠመድክ ነው እንዴ?»

ክንፉ ግማሽ መንገድ ተመለሰ። ኦቦ ጅሩ በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱና «ገና ነው። ቀለሙም ተፍቆ ይወርዳል፤ የመስታወቱም ነገር ይታያል» አሉ። ከዚያ ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ። «ለመሆኑ ሠርተህ አምጣልኝ ያልኩህ ምን ሆኜ ነው? በእኔ ፊት ትሠራዋለህ፤ ነገ በሁለት ሰዓት እዚህ ተገኝ።»

ዘውገ ሮቤ ውስጥ አራት ባጃጅ ይጠብቁታል። አፉ እንደ ልማዱ ቀደመ፤ «ቀላል ነው» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ታክሲው መንገድ ላይ ሰው ሲጭን ቆየና፣ ዘውገ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ እያለከለከ ደረሰ። ኦቦ ጅሩ የብረት ጠረጴዛቸውን በረንዳው ላይ አውጥተው፣ ብርሃን ያለበት በኩል ቆመው ይጠብቁታል።

«አምስት ደቂቃ አሳልፈሃል» አሉት። «ከራስህ ጊዜ መሰለህ? ከእኔ ዓይን ላይ ነው የቀነስከው። በል ያዝ፣ ይቺን ጎማ እንዳትጥላት!»